መልሶ የማይመታ ማንቬላ

በማርያም ቀን ወፍጮ አይፈጭም። የድንጋይ በር ቀበሌ ሰው ይህን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነገር ነው። ስለዚህ እትዬ ካሣነሽ የግንቦት ማርያምን አስቀድሰው ሲመለሱ የወፍጮ ቤታቸው በር ገርበብ ብሎ ቢያገኙት መጀመሪያ የመጣባቸው ንዴት ነበር። "ይኼ ልጅ ጭራሽ በክብረ በዓል ሊፈጭ ነው?" እያሉ ገቡ። ሠራተኛቸው አገኘሁ ከሞተሩ ሥር በጎኑ ወድቋል። ግራ ጆሮ ግንዱ ተሰንጥቋል። ማንቬላው፣ ያ ሞተሩን በእጅ እያዞሩ የሚያስነሱበት ከባድ የብረት እጀታ፣ ከራስጌው ተጋድሟል። የእትዬ ካሣነሽ ጩኸት ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተሰማ።

ኢንስፔክተር ብሩክታዊት ከመካነ ኢየሱስ ስትደርስ ረፋዱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ብሩክታዊት መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ቢሮዋ ያለው ወንበር ከተገዛ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ዛሬም አዲስ ነው እያሉ ባልደረቦቿ ይቀልዱባታል። ወፍጮ ቤቱንም ሦስት ጊዜ ከዞረችው በኋላ ነው አፏን የከፈተችው።

"ምን አገኘው ትላላችሁ?"

"ማንቬላው መልሶ መታው" አሉ በሩን የሞሉት ሰዎች በአንድ አፍ።

እውነትም እንዲህ ያለው አሟሟት ላገሩ እንግዳ አይደለም። የናፍጣ ሞተር በእጅ ሲነሳ አንዳንዴ ወደኋላ ይመልሳል። ያን ጊዜ ማንቬላው ከእጅ ያመልጥና ክንድም ይሰብራል፣ ራስም ይፈልጣል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ቁስሉን አየና ለዚህ ይስማማል አለ። አስከሬኑ ደብረ ታቦር ሄዶ ይመርመር የሚለውን ሐሳብ ዘመድ አዝማዱ አሻፈረኝ አለ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ አለቀ።

የሟች ታናሽ ወንድም ይሁኔ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ደም መስሏል። "ያ የተረገመ ብረት በላው" አለ። "ወንድምዓለሜን ብረት በላው።"

ብሩክታዊት ማንቬላውን አነሳችው። ፎቶው ተነስቷል፣ መዝገብ ላይም ሰፍሯል፤ ግን እጇ ባዶ መሆን አይወድም። ሞተሩ ላይ ሰካችውና ረዳቷን ጠየቀች።

"ሙሉቀን፣ ይህን ሞተር ስንት ሰው ያስነሳዋል?"

ሳጅን ሙሉቀን የገጠር ልጅ ነው። "ጎበዝ ከሆነ አንድ ሰው። እሱም ላብ በላብ ሆኖ ነው። አንድ ዙር ላይ ሲደርስ ውስጡ የታመቀው አየር ግድግዳ ሆኖ ይይዝዎታል።"

አዞረችው። ምንም አልያዛትም። ደግማ አዞረች፤ በአንድ እጇ፣ ከዚያም በሁለት ጣቷ። ማንቬላው እንደ ጉድጓድ መዘውር ዝም ብሎ ዞረ።

"አየር ማስተንፈሻው ተነስቶ ይሆናል" አለ ሙሉቀን፣ ከሞተሩ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ማንሻ እየፈለገ። አገኛት። ወርዳለች፣ ተዘግታለች። ሁለቱ ተያዩ።

"እንግዲያው የሚገፋው የለም" አለች ብሩክታዊት። "የማይገፋ ነገር ደግሞ አይመልስም። ይህ ብረት በራሱ አልመታውም። ሰው ነው የገደለው።"

ይህን ስትናገር ድምጿ ከፍ ማለቱን አላወቀችም። በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው የነቃችው። ምነው አፌን በቆረጠው አለች በሆዷ። የዚህ አገር ልጅ ሆና ሳለ የሠራችውን ስህተት ጀማሪ ኮንስታብል እንኳ አይሠራውም። እዚህ አገር ሞተ ሲባል ይለቀሳል። ተገደለ ሲባል ግን ደም መላሽ ይነሳል፣ ደም መላሽም ምርመራ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

"ማን ገደለው?" አለ ይሁኔ ቀስ ብሎ።

ከኋላ አንዲት ሴት "ትናንት ጧት ባዩ ተጣልቶት አልነበር? 'ውሸታም፣ አፈር አስልስሃለሁ' ሲለው ሰምተን የለም?" አለች።

ይሁኔ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። "እንግዲያስ ወንድሜ ብቻውን አይቀበርም" አለና ሄደ። ዘመዶቹ ተከተሉት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ያለ ሰዓቱ ተደወለ። እትዬ ካሣነሽ አማተቡ።

"ማን ነው?" አለች ብሩክታዊት።

"ባዩ ነዋ። ነገሩን ሰምቶ ሮጦ ገብቶ ነው። ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው ደወል ደውሎ የሚማጸን። አመነ ማለት ነው።"

ብሩክታዊት ሰዓቷን አየች። አምስት ተኩል። በዘጠኝ ሰዓት አስከሬኑ፣ ከአስከሬኑም ጋር የታጠቀው ዘመድ ሁሉ፣ ባዩ የተሸሸገበት ግቢ ውስጥ ይገባል። ሦስት ሰዓት ተኩል አላት፣ ጥፋቱም የሷ ነው።

ባዩን ከደወሉ ሥር ተኮራምቶ፣ ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ አገኘችው። ሦስት ልጆች ያሉት፣ ቀጭን፣ ቁጡ ገበሬ ነው። የደብሩ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ከፊቱ ቆመዋል።

"ካልገደልክ ለምን ደወልክ?" አለች ብሩክታዊት።

"ምን ላድርግ? ይሁኔ ጠመንጃ ይዞ ወደ ቤቴ ሲመጣ አየሁት። ሌላ የምገባበት ቤት የለኝም።"

"ስትሰድበው ነበር።"

"ተሳደብኩ፣ ማርያምን አልክድም። ገብሴን ተሸክሜ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። 'ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቺንጋ ተበጥሷል፣ ከከተማ እስኪመጣ ጠብቅ' ይለኛል። ትናንት ገብቼ አየሁት። ቺንጋው ደህና ነው። ምነው ትዋሸኛለህ ስለው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ያኔ ነው አፌን የከፈትኩ።"

ብሩክታዊት መንጎራደዷን ተወች። "ቺንጋው አልተበጠሰም?"

"እዚያው አለ፣ ሄደው ይዩት።"

ወደ መሪጌታው ዞረች። "የኔታ፣ ትናንት ማታ ሞተሩ ሲነሳ ሰምተዋል አሉኝ።"

"ሰምቻለሁ ልጄ። ለዋዜማ ስንገባ፣ ጀንበር ጠልቃ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት። ቱክ ቱክ ሲል ሰማሁና በዋዜማ ምን ይፈጫል ብዬ ገረመኝ። ጥቂት ቆይቶ ጠፋ።"

"ያን ጊዜ ይሁኔ የት ነበር?"

"እዚሁ ከእኛ ጋር። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስክንበተን ከአጠገቤ አልራቀም።"

"አንተስ ባዩ?"

ባዩ አንገቱን ደፋ። "ቤቴ ነበርኩ። ብቻዬን።"

ይኸውልህ እንግዲህ ጉዱ። የጮኸው ሰው ምስክር የለውም፣ ለበቀል ለተነሳው ሰው ግን መሪጌታ ይመሰክሩለታል። ብሩክታዊት ሁለት ፖሊስ በሩ ላይ አቁማ ወጣች።

የሟች ስልክ ላይ በሦስት ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ የተደወለበት አንድ ቁጥር ነበር። "ኢዮብ መካኒክ" ይላል። ኢዮብ ከስማዳ እስከ ንፋስ መውጫ ያለውን ወፍጮ ሁሉ የሚጠግን የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነው። ብሩክታዊት ስታስጠራው በሞተር ብስክሌት እየበረረ መጣ። አገኘሁ መሞቱን ሲሰማ ኮፍያውን አወለቀና ፊቱን ሸፈነበት።

"በኋላ ታለቅሳለህ" አለችው፣ ክፋት ሳይሆን ሰዓቱ እያቻኮላት። "ይህ ሞተር ምን እንደሆነ ንገረኝ።"

"በስልክ ነግሮኝ ገምቼ ነበር። ግን ላረጋግጥ።"

ኢዮብ ማንቬላውን አዞረ፣ ራሱን ነቀነቀ። ናፍጣ የሚረጨውን ክፍል ፈታና በቀዳዳው ትንሽ ዘይት አፈሰሰ።

"ይህ ለምንድን ነው?"

"ሞተሩ ውስጥ ላይ ታች የሚለው ፒስተን ዙሪያውን ፋሻ የምንላቸው ቀለበቶች አሉት። እነሱ አልቀው ከሆነ ዘይቱ ክፍተቱን ይሞላና ለጥቂት ዙር ግፊቱ ይመለሳል። ያን ጊዜ ቀለበት ቀይረን እንገላገላለን።" ክፍሉን መልሶ አስሮ አዞረ። አሁንም በሁለት ጣት ይዞራል። "አልተመለሰም። እንግዲህ ወይ ላይ ያሉት መዝጊያዎች አይገጥሙም፣ ወይ ፒስተኑ ራሱ ሄዷል። እስቲ የዘይት መሙያው ላይ እጅዎን ያድርጉ።"

ክዳኑን ከፍቶ እጇን አስጠጋ። ማንቬላው በዞረ ቁጥር አየር መዳፏ ላይ እፍ አለባት።

"አየሩ ወደ ላይ ታምቆ መቅረት ሲገባው ወደ ታች እየወረደ ነው" አለ ኢዮብ። "ፒስተኑ ተቀዷል።"

የሞተሩን አናት ፈትቶ ፒስተኑን ለማውጣት አንድ ሰዓት ፈጀበት። ለብሩክታዊት ዓመት ነበር። ከወፍጮ ቤቱ በር ደጁ ላይ እስካለው ጥድ፣ ከጥዱ እስከ በሩ እግሯ እስኪዝል ተመላለሰች። ከለቅሶው ቤት የሙሾ ድምፅ ይመጣል፣ በየመሃሉም የይሁኔ ፉከራ።

ኢዮብ ፒስተኑን በጨርቅ ይዞ ወጣ። ጎኑ ተፋፍቋል፣ አናቱ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ።

ሙሉቀን ጎንበስ ብሎ አየው። "ትናንት ሲያስነሳው ፈንድቶ፣ በዚያው ማንቬላው መልሶ መትቶት ቢሆንስ?"

"አይሆንም" አለ ኢዮብ። "የቀዳዳውን ከንፈር እየው። ጥቀርሻና ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፣ አዲስ ስብራት ያብረቀርቃል። ይህ ሞተር ማክሰኞ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ አንዴም አልተነሳም፣ ሊነሳም አይችልም።"

ብሩክታዊት ቀና አለች። "ማታ የኔታ የሰሙት ታዲያ?"

"ከወንዙ ማዶ ወፍጮ አለ። ነፋሱ ወደዚህ ሲነፍስ እዚህ የተነሳ ይመስላል።"

ስለዚህ የሞቱን ሰዓት ከጀንበር መጥለቅ በኋላ ያስመሰለው ያ ድምፅ የዚህ ሞተር አልነበረም። አገኘሁን በሕይወት መጨረሻ ያዩት እትዬ ካሣነሽ ናቸው፣ ያም ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ደግሞ ይሁኔ የት እንደነበረ መሪጌታው አያውቁም። ግን ወንድም ወንድሙን ለምን? ከዚህ ይልቅ የባዩ መጥፎ አፍ ለማመን ይቀላል።

"አገኘሁ ብልሽቱን ለምን ደበቀ?" አለች። "ለምን ቺንጋ ነው አለ?"

ኢዮብ ኮፍያውን በእጁ አሸ። "ለማንም እንዳልነግር አስምሎኛል። ማክሰኞ ዱቄት ቤት ውስጥ እንቅልፍ ይዞት፣ የማቀዝቀዣው ውሃ በርሜሉ ውስጥ አልቆ ሞተሩ ነደደ። የጥፋቱ ባለቤት እሱ ነው። እትዬ ካሣነሽ እንደ ልጃቸው ያምኑታል፣ እፍረቱ ገደለኝ ይላል። 'ፒስተኑን ፈልግልኝ፣ ማንም ሳያውቅ እተካዋለሁ። አንድ በሬ አለኝ፣ ቅዳሜ እሸጠዋለሁ' አለኝ።"

"ቅዳሜ ነገ ነው" አለች ብሩክታዊት፣ እግሯም ያን ጊዜ መንገድ ጀምሯል።

የአገኘሁ ቤት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። ሚስቱ መዓዛ እናቷን ልትጠይቅ ሰሞኑን ማዶ ቀበሌ ሰንብታ፣ መርዶው ደርሷት መመለሷ ነው። ብሩክታዊት ከአልቃሾቹ መሃል ወደ ጓሮ ወሰደቻት።

"እህቴ፣ ይህ ጊዜው አይደለም፣ አውቃለሁ። ማንቬላው የት ነበር የሚቀመጥ?"

"እዚህ ቤት ከምሰሶው ላይ። ማታ ማታ ይዞት ይገባል። እዚህ ካደረ ሌላ ሰው ሞተሩን አያስነሳውም። ሞተር የማይነሳበት ቀን ከቤት አይወጣም።"

"በሬያችሁስ?"

መዓዛ ወደ በረቱ አየች። አላስተዋለችም ነበር። "ይሁኔ ጋ ይሆናላ። እነሱ መቀናጆ ናቸው፤ እሱም አንድ በሬ፣ ወንድሙም አንድ። ጠምደው የሁለቱንም ማሳ ያርሳሉ።"

የበረቱ ደጃፍ ላይ አመድ ተነስንሷል። "አመድ እዚህ ነው የምትደፊው?"

"እኔ? ከጎመኑ ሥር ነው እንጂ። ይህን እኔ አልደፋሁትም።"

ሙሉቀን በእንጨት ጫረው። ከአመዱ ሥር ያለው አፈር ደም ጠጥቶ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። መዓዛ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ብሩክታዊት ክንዷን ጨበጠቻትና "እስክመለስ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ" አለቻት።

ስምንት ሰዓት ተኩል። ቄሶቹ ፍትሐት ሊጀምሩ ነው። ብሩክታዊት ይሁኔን ከለቅሶው ጠራችው።

"የወንድምህን ንብረት እመዘግባለሁ። በሬውን አሳየኝ።"

በሬው ግርማ ያለው ዳለቻ ነው። ከይሁኔ በሬ ጎን ታስሮ ያመሰኳል። አንገቱ ላይ ገና ያልቆሸሸ አዲስ ገመድ አለ።

"እስቲ ያዝልኝ፣ ጥርሱን ልየው።"

ገበሬ በሬ ያዝ ሲባል እምቢ አይልም። ይሁኔ ጠመንጃውን ከአጥሩ አስደግፎ ቀንዱን ያዘ። ሙሉቀን ጠመንጃውን ቀስ ብሎ አነሳው። ይሁኔ አየው፣ ቀንዱን ግን አልለቀቀም።

"የአገኘሁ በሬ እዚህ ምን ይሠራል?"

"መቀናጆ ነን።"

"እሱን አገሩ ያውቀዋል። ማታ ግን በሬ ወደ ባለቤቱ በረት ነው የሚመለሰው።"

"ልናርስ ብለን ነው ያሳደርኩት።"

"መቼ ልታርሱ? ዛሬ ማርያም ናት። ነገ ቅዳሜ፣ ከነገ ወዲያ እሑድ። ሦስት ቀን ሙሉ ቀንበር አይነሳም። አንተ ታዲያ የሰው በሬ ሦስት ቀን ልትቀልብ ነው?"

የይሁኔ እጅ ቀንዱ ላይ ቀረ።

"አዲሱን ገመድ ያሰረለት እሱ ነው አይደል?" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ለገበያ።"

በሬው ራሱን ሲነቀንቅ እጁም አብሮ ተነቀነቀ።

"ነገ ልሸጠው ነው አለኝ" አለ። "ግንቦት ነው እኮ። ማሳዬ ገና አንዴ ነው የታረሰ። በአንድ በሬ ምን አርሳለሁ? ልጆቼ ምን ይበላሉ? ለምን ትሸጠዋለህ አልኩት፣ 'ጉዳይ አለኝ' አለ። ምን ጉዳይ? ዝም። ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ዝም። ከበረቱ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ማንቬላውን ዘይት ይቀባ ነበር። ከእጁ ነጠቅሁት። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። አንድ ጊዜ።"

"ከዚያ ወፍጮ ቤት ወሰድከው።"

"ዘይት ሲቀባው አይቼ ሞተሩን ሊያስነሳው ነው ብዬ ነዋ። ብረቱ መልሶ መታው ይባላል ብዬ። ከዚያ ታጥቤ ዋዜማ ገባሁ።"

"ባዩን ልትገድለው ነበር።"

ይሁኔ ፊቱን ወደ በሬው መለሰ። ብሩክታዊት ተናደደች። ሦስት ልጆች፣ ደወሉ ሥር የተኮራመተው ሰውዬ፣ የራሷ የጧት አፍ፣ ሁሉም ባንዴ መጡባት። ሙሉቀን ካቴናውን አጠለቀለት።

ወደ መኪናው የሚወስደው መንገድ በወፍጮ ቤቱ ደጅ ያልፋል። ኢዮብ ፒስተኑን በጨርቅ ላይ አስቀምጦ መሣሪያውን እየሰበሰበ ነው። ይሁኔ ቆመ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ወንድምህ በሬውን የሚሸጥበት ጉዳይ" አለች ብሩክታዊት። ነገረችው፤ እንቅልፉን፣ የደረቀውን በርሜል፣ እፍረቱን። ሞተሩ ከማክሰኞ ጀምሮ ሞቶ እንደነበርና እሱም የተያዘው በዚያ እንደሆነ።

ይሁኔ በታሰሩ እጆቹ ፒስተኑን አነሳው። አገላበጠው። አውራ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተና እንደዚያው ይዞት ቆመ። ከላይ፣ ከለቅሶው ቤት፣ አስከሬኑ ሲነሳ ጩኸቱ ጨመረ። ባዩ ከደወሉ ሥር ወጥቶ ቃሬዛውን ሊሸከም መምጣቱን አንዱ ፖሊስ በስልክ ተናገረ።

"ቢነግረኝ የኔን እሸጥለት ነበር" አለ ይሁኔ። "ሁለቱንም በሸጥን ነበር። ምነው ቢነግረኝ።"

እውነቱን ይናገር ራሱን ያጽናና ብሩክታዊት አላወቀችም። ፒስተኑን ከእጁ ተቀብላ በጨርቁ ጠቀለለችው። ሙሉቀን ሰውየውን ወደ መኪናው ሲወስደው እሷ አልተከተለችም። ጧት ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች።